አንድ ፋይል ለአርባ ገጽ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አርባ ገጽ ያለው ድረ ገጽ አለን እንበል። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ማውስ ሲያርፍበት ቁልቁል የሚዘረጋ ሜኑ አለ። ሜኑውን የሚያንቀሳቅሰው ሃምሳ መስመር ጃቫስክሪፕት ደግሞ በአርባውም ገጾች ውስጥ ተገልብጦ ተቀምጧል። አንድ ቀን አለቃችን ይመጡና "ስለ እኛ ከሚለው ቀጥሎ ቅርንጫፎቻችን የሚል ጨምሩበት እስቲ" ይላሉ። ለእሳቸው አንድ ቃል ነው። ለእኛ ግን አርባ ፋይል መክፈት፣ አርባ ጊዜ መለጠፍ፣ አርባ ጊዜ ሴቭ ማድረግ ነው። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ዓይናችን ይፈዝና አንዲት ቅንፍ እንስታለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ደንበኛ ደውሎ "አድራሻ የሚለው ገጻችሁ አይሰራም" ይለናል።

ይህን ሥራ የሞከረ ሰው ስቃዩን ያውቀዋል። ያልሞከረው ቁም ጸሐፊን ያስብ። ዳዊት የሚገለብጥ ጸሐፊ ከፊቱ ባለው ብራና ላይ ያለውን ስህተት ሳያውቅ ወደ አዲሱ ያሻግረዋል፤ አንዳንዴም የራሱን ይጨምርበታል። በኋላ አንድ ሊቅ ስህተቱን አግኝቶ ቢያርም የሚታረመው እጁ ላይ ያለው ብራና ብቻ ነው። ሌሎቹ በየደብሩ እንደተሳሳቱ ይኖራሉ። ጃቫስክሪፕትም በመጀመሪያ ዘመኑ እንዲህ ነበር።

መፍትሔው ዛሬ ለማንም ጀማሪ የሚነገር ነገር ነው። ኮዱን በአንድ ፋይል ታስቀምጣለህ፤ በአርባዎቹ ገጾች ላይ "ኮዱ እዚያ ነው" የሚል አንድ መስመር ትጽፋለህ፤ አለቀ። የዚህች መስመር ታሪክ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። ከአንድ መሥሪያ ቤት አርባ ገጾች ተነስቶ ዓለም በሙሉ አንድ ፋይል ይጋራ ወደሚል ምኞት ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው።

ከኢንተርኔት በፊት

አንዴ ጽፎ ብዙ ቦታ መጠቀም የሚለው ሐሳብ ከድረ ገጽ በብዙ ዓመታት ይበልጣል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ያስኬደው ሜይ 6 ቀን 1949 ነው። ባለሙያዎቹ ብዙም ሳይቆዩ አንድ ነገር አስተዋሉ። እያንዳንዱ ተመራማሪ የራሱን ችግር ለመፍታት ፕሮግራም ሲጽፍ ካሬ ሩት ማውጣትን፣ ቁጥር ማተምን የመሳሰሉ ተመሳሳይ ሥራዎችን ከዜሮ ይጀምራል። በዚያ ላይ ሁሉም በየራሱ ይሳሳታል።

ስለዚህ ሞሪስ ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊል ተፈትሸው ያለፉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ አዘጋጅተው እንደ መጽሐፍ ያስቀምጡ ጀመር። በ1951 በዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ 87 ያህል ነበሩ። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚፈልገውን ጥቅልል ይወስዳል፣ በራሱ ጥቅልል ላይ በመሣሪያ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመልሳል። ሦስቱ ሰዎች በዚያው ዓመት ስለ አሠራሩ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ከታተሙት ቀዳሚው ነው።

ልብ በሉ፤ ይህም ቢሆን መገልበጥ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው ጥቅልል ቢታረም ትናንት የተገለበጠው አይታረምም። ሁሉም በሥራ ሰዓት አንዱን ምንጭ እየጠራ የሚጠቀምበት ዘመን ገና ነበር።

ዐሥሩ ቀናትና አንዷ መስመር

በሜይ 1995 ብሬንዳን አይክ የተባለ የኔትስኬፕ ኩባንያ ባልደረባ ለብራውዘር የሚሆን ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ የመጀመሪያ ቅጂ በዐሥር ቀን ውስጥ ሠራ። ቋንቋው መጀመሪያ ሞካ፣ ቀጥሎ ላይቭስክሪፕት ተባለ። በዲሴምበር 1995 ኔትስኬፕና ሰን ማይክሮሲስተምስ በጋራ ሲያስተዋውቁት ጃቫስክሪፕት የሚለውን ስም ያዘ። ያኔ ስሙ የገነነው የሰን ቋንቋ ጃቫ ነበርና ለገበያ እንዲመች የተሰጠ ስም ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ከስም ያለፈ የቅርብ ዝምድና የላቸውም።

ቋንቋው በ1996 መጀመሪያ ላይ ኔትስኬፕ ናቪጌተር 2.0 ውስጥ ገብቶ ለሕዝብ ደረሰ። በዚያ ቅጂ ኮዱ የሚጻፈው በገጹ ሆድ ውስጥ፣ ከጽሑፉና ከሥዕሉ ጋር ተደባልቆ ነው። ሌላ አማራጭ አልነበረም። ጃቫስክሪፕት የማያውቁ የቆዩ ብራውዘሮች ኮዱን እንደ ተራ ጽሑፍ አውጥተው በአንባቢው ፊት እንዳይዘረግፉት በማስታወሻ ምልክት መሸፈን ነበረበት። ኮዱ ገጹ ውስጥ መሆኑ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ሰጠ። ማንም ሰው የገጹን ምንጭ ከፍቶ ማየትና መገልበጥ ይችል ነበር። አንድ ሙሉ ትውልድ ሙያውን የተማረው በዚህ መንገድ ነው። ስህተቱንም አብሮ የወረሰው እንዲሁ ነው።

ብልጦቹ ዘዴ አላጡም። ናቪጌተር 2.0 አንዱን መስኮት በፍሬም ከፋፍሎ ብዙ ገጽ የማሳየት ችሎታም ይዞ መጥቶ ነበር። ስለዚህ ኮዱን ፍሬሞቹን በሚይዘው ወላጅ ገጽ ላይ ያስቀምጡና በውስጡ የሚቀያየሩት ገጾች "አባባ፣ ያንን ሥራ ሥራልኝ" እያሉ ይጠሩታል። ይሠራል። አንባቢው አንዱን ገጽ ብቻውን ከከፈተው ግን ወላጅ የለም፤ የሚጠራውም አይመልስም።

መላው የመጣው በኦገስት 1996 ከናቪጌተር 3.0 ጋር ነው። ስክሪፕት በሚለው ታግ ላይ "ምንጭ" የሚል ትርጉም ያለው መለያ ተጨመረ። ከዚህ በኋላ ኮዱ ለብቻው በሆነ ፋይል ይቀመጣል፤ ገጹ አድራሻውን ብቻ ይጠቅሳል። መጀመሪያ ላይ ይህም የራሱ ጣጣ ነበረው። ሰርቨሩ ፋይሉን ሲልክ "ይህ ጃቫስክሪፕት ነው" የሚል መለያ እንዲለጥፍበት መዋቀር ነበረበት። በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ተጠግቶ ገጽ ያስቀመጠ ሰው ያንን የሚያስተካክልለት አስተዳዳሪ መለመን ነበረበት። በዲሴምበር 1997 የጸደቀው ኤች ቲ ኤም ኤል 4.0 መለያውን መደበኛ ሲያደርገው ነገሩ የኔትስኬፕ ብልሃት መሆኑ ቀርቶ የድሩ ሕግ ሆነ።

መስመሯ አጭር ብትሆንም ጀማሪን የምታደናቅፍባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ ዛሬም አልጠፉም። አንደኛው አድራሻው ነው። ዋናው ገጽ ላይ የሠራው መስመር በንዑስ ፎልደር ውስጥ ያለው ገጽ ላይ ፋይሉን ያጣዋል፤ ምክንያቱም አድራሻው የሚቆጠረው ገጹ ካለበት ቦታ ነው። አድራሻውን በእዝባር ጀምሮ ከድረ ገጹ ሥር መቁጠር ይገላግላል። ሁለተኛው፣ ምንጭ በተጠቀሰበት ታግ ውስጥ ሌላ ኮድ መጻፍ ነው። ብራውዘሩ ውጭ ያለውን ያመጣል፣ ውስጥ ያለውን ይዘለዋል። ሦስተኛው የሐሳብ ስህተት ነው። ፋይል መጋራት ማለት ትዝታ መጋራት አይደለም። እያንዳንዱ ገጽ ሲከፈት ፋይሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነበባል፤ አንደኛው ገጽ ላይ የተያዘ ቁጥር ሁለተኛው ገጽ ላይ የለም። ያንን ለማሻገር ኩኪን የመሰለ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

የብራውዘሩ ጓዳ

ለአለቃችን ትእዛዝ መልስ ከመስጠቷ ሌላ መስመሯ ሌላ በረከት ይዛ መጣች። ብራውዘር አንዴ ያመጣውን ፋይል ጓዳው ያስቀምጠዋል፤ ሲፈልገው ከዚያው ያወጣዋል። ፈረንጆቹ ካሽ ይሉታል።

ሒሳቡን እንሥራው። በስልክ መስመር የሚገናኝ 56 ኪሎቢት ሞደም፣ እንደ ስሙ ቢሆን እንኳ፣ 30 ኪሎባይት ለማውረድ አራት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ኮዱ በአርባውም ገጾች ውስጥ ከተገለበጠ አርባውን የሚያይ አንባቢ በዚያ ኮድ ብቻ ሦስት ደቂቃ ሊቃረብ ይጠብቃል። በአንድ ፋይል ከሆነ አራት ሰከንድ ተኩሏን አንዴ ከፍሎ ይገላገላል።

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1997 ነው። በደቂቃ እየተከፈለ በኢንተርኔት ካፌ ለተጠቀመ ሰው ይህ ሒሳብ የኪስ ሒሳብ ነበር። ካፌ ውስጥ ደግሞ ጓዳው የጋራ ነው። ከእኛ በፊት የተቀመጠው ልጅ ያወረደው ፋይል እዚያው ስለሚቆይ ያንኑ ድረ ገጽ ስንከፍት በእሱ ሒሳብ እንፈጥናለን። (ይህቺን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።) አማርኛ መጻፊያ ያላቸውን ገጾችም አስቡ። በላቲን ፊደል የተተየበውን ወደ ፊደላችን ለመቀየር ቢያንስ 33 በ7፣ ማለትም 231 ፊደላትን ከነአወጣጣቸው የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ነገር በየገጹ መገልበጥ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ጓዳ ግን ያደረ እንጀራም ያቀርባል። ሰርቨሩ "ይህን ፋይል ለአንድ ወር ያዘው" ካለ ብራውዘሩ ወሩን ሙሉ ተመልሶ አይጠይቅም። ዛሬ ስህተት አርመን አዲሱን ብናስቀምጥ ትናንት የመጣ እንግዳ አሮጌውን ይዞ ይሰነብታል። "እኛ ጋ ይሰራል እኮ!" የሚለው የባለሙያዎች መልስ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ፋይሉ ሲቀየር ስሙንም መቀየር። ሜኑ 1 ሜኑ 2 ይሆናል፤ ብራውዘሩ በዚህ ስም የያዘው ስለሌለ አዲሱን ያመጣል። ዛሬ ይህን ሥራ መሣሪያዎች በራሳቸው ይሠሩታል፤ ከፋይሉ ይዘት አሻራ አስልተው ስሙ ውስጥ ያስገባሉ።

በ2007 የያሁው ስቲቭ ሳውደርስ ስለ ድረ ገጽ ፍጥነት ባሳተመው መጽሐፍ 14 ሕጎችን ዘረዘረ። አንዱ ጃቫስክሪፕትን ከገጹ አውጥቶ በውጭ ፋይል ማስቀመጥ ነው። ሌላው ፋይሉን ከገጹ ግርጌ መጥራት ነው፤ ብራውዘሩ ተራ ስክሪፕት ሲያጋጥመው እስኪያነበው ድረስ የቀረውን ገጽ መሥራት ያቆማልና። ሳውደርስ የመጀመሪያውን ሕግ ጭፍን አላደረገውም። ሰው አንዴ ብቻ አይቶት የሚሄድ ገጽ ከሆነ ኮዱን እዚያው ውስጥ መጻፍ ሊፈጥን እንደሚችል ገልጿል። መጋራት የሚጠቅመው የሚጋራ ሲኖር ነው።

በዶላር ምልክት መጣላት

ከ2005 ጀምሮ የሚጋራው ነገር መልኩን ቀየረ። በየቤቱ የተጻፈ ሜኑ ሳይሆን በሌሎች የተጻፈ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ፕሮቶታይፕ በ2005 መጣ። በ2006 ደግሞ ጆን ሬሲግ ጄኩዌሪን አቀረበ፤ ይህም ብራውዘሮች በየራሳቸው የሚያደርጉትን ለአንድ ዓይነት አጻጻፍ ስላስገዛ ዓለምን አዳረሰ። ዛሬም በስንቱ ድረ ገጽ ውስጥ አለ።

ችግሩ ሁሉም ፋይሎች አንድ ግቢ መጋራታቸው ነው። አንድ ገጽ አምስት ፋይል ቢጠራ አምስቱም ስሞቻቸውን የሚጽፉት በአንድ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ኋላ የመጣ የፊተኛውን ያጠፋል። ፕሮቶታይፕም ጄኩዌሪም አጭር ስም ፈልገው የዶላርን ምልክት መርጠዋል። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ያስገባ ሰው አንዱ ሲሠራ ሌላው ሲሞት ያያል። ጄኩዌሪ ምልክቱን ለቀድሞ ባለቤቱ የሚመልስ ልዩ ትእዛዝ እስከማዘጋጀት ደረሰ። ይህ ጠብ ከሥሩ የተፈታው ሞጁል በ2015 የቋንቋው መደበኛ አካል ሲሆንና ብራውዘሮች በ2017 እና በ2018 ሲቀበሉት ነው። ሞጁል የራሱ አጥር አለው፤ ለሌላው የሚያሳየው እንዲታይ የፈቀደውን ብቻ ነው።

የዓለም ቦኖ

አሁን ወደ ምኞቱ እንምጣ። ሺህ ድረ ገጾች ያንኑ ጄኩዌሪ ከየሰርቨሮቻቸው ይልካሉ። ፋይሉ አንድ፣ አድራሻው ሺህ። ብራውዘር ደግሞ የሚለየው በአድራሻ ስለሆነ ያንኑ ፋይል ሺህ ጊዜ ያወርዳል። ታዲያ ለምን ሁላችንም አንድ አድራሻ አንጠቀምም?

በሜይ 2008 ጉግል ይህን አደረገ። ጄኩዌሪን፣ ፕሮቶታይፕን፣ ስክሪፕታኩለስን፣ ሙቱልስንና ዶጆን በራሱ ሰርቨሮች አስቀምጦ ማንም በነፃ እንዲጠቅስ ፈቀደ። ማይክሮሶፍት በ2009 ተከተለ፤ ሌሎችም መጡ። ነገሩ እንደ ሰፈር ቦኖ ነው። በየግቢው ጉድጓድ ከመቆፈር አንድ ንጹሕ ውሃ በጋራ መቅዳት። አንድ ድረ ገጽ ላይ ያወረድከው ፋይል ሌላው ላይ ስትሄድ ጓዳህ ውስጥ ይጠብቅሃል። የኢንተርኔት ካፌዋ ብልሃት ለዓለም ተዳረሰች ማለት ነው።

ካፌዋን ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው። ፋይሉ በፍጥነት ከተከፈተልን "ከእኔ በፊት እዚህ የተቀመጠው ሰው ይህን ድረ ገጽ አይቷል" ብለን ማወቅ እንችላለን። ፍጥነቱ ራሱ ምስጢር ያወጣል። የፕሪንስተኖቹ ኤድዋርድ ፌልተንና ማይክል ሽናይደር በ2000፣ ጉግል ቦኖውን ከመትከሉ ስምንት ዓመት ቀድመው፣ አንድ ድረ ገጽ የፋይሎችን አመጣጥ በሰዓት እየለካ እንግዳው ሌላ የት የት እንደነበረ ሊሰልል እንደሚችል አሳይተዋል። የሰሚ ጆሮ ግን ጊዜ ወሰደ። ሳፋሪ በ2013፣ ክሮም በኦክቶበር 2020፣ ፋየርፎክስ በጃንዋሪ 2021 ጓዳውን በየድረ ገጹ ከፋፈሉት። አሁን አንዱ ድረ ገጽ ላይ የወረደ ጄኩዌሪ ለሌላው አያገለግልም፤ አድራሻው አንድ ቢሆንም እንደገና ይወርዳል። ዓለም ሁሉ በአንድ ፋይል የሚለው ምኞት ቢያንስ በፍጥነት ረገድ እዚህ ላይ አበቃ። የሚያሳዝነው ዛሬም በየመማሪያው "ከውጭ ጥቀሱት፣ ጓዳ ውስጥ አለ" የሚል ምክር መገኘቱ ነው።

ቦኖው ሲመረዝ

ፍጥነት ቢቀር ችግር የለውም። የባሰው ሌላ ነው። አንዱን ፋይል ማረም ሁሉንም ገጽ ካረመ አንዱን ፋይል መመረዝም ሁሉንም ይመርዛል።

በ2018 የብሪቲሽ ኤርዌይስ ድረ ገጽ ሞደርናይዘር የተባለ የታወቀ የጃቫስክሪፕት ፋይል ይጠቀም ነበር። ፋይሉ ከ2012 ወዲህ የነካው አልነበረም። በኦገስት 2018 ሰርጎ ገቦች 22 መስመር ጨመሩበት። እንግዳው ቲኬቱን ሊከፍል ቁልፉን ሲጫን የካርዱ ቁጥርና ስሙ የአየር መንገዱን ስም ወደሚመስል ሌላ አድራሻም ይላካል። ገጹ አልተበላሸም፤ ክፍያውም ይሠራል፤ ማን ይጠርጥር? ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ተደረሰበት። የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከ400,000 በላይ ሰዎች መረጃ መጋለጡን ጠቅሶ በኦክቶበር 2020 የ20 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣለ። ፋይሉ ያለው በራሱ በአየር መንገዱ ቤት እንደነበር አትርሱ። የራስ ጉድጓድም ክዳን ይፈልጋል።

ሁለተኛው የቦኖው ታሪክ ነው። ፖሊፊል የሚባለው አገልግሎት አዳዲስ ችሎታ ለሌላቸው አሮጌ ብራውዘሮች የጎደላቸውን የሚሞላ ፋይል በነፃ ይልክ ነበር። በፋይናንሻል ታይምስ ባልደረቦች የተጀመረ መልካም ሥራ ነው። በፌብሯሪ 2024 አድራሻው ፈንነል ለተባለ የቻይና ኩባንያ ተሸጠ። የሥራው ጀማሪ ወዲያውኑ "ከገጻችሁ አውጡት" ብሎ አስጠነቀቀ። ብዙዎች አልሰሙም፤ ያቺ መስመር ገጻቸው ላይ መኖሯን እንኳ የረሱ ነበሩ። በጁን 2024 ከ100,000 በላይ ድረ ገጾች ይጠቀሙበት የነበረው ፋይል በእጅ ስልክ የሚገቡ እንግዶችን ወደ ቁማር ገጾች ይወስድ ጀመር። አድራሻው የታገደው ከዚህ በኋላ ነው።

መከላከያ አልነበረም ወይ? ነበር። በጁን 2016 የጸደቀ መደበኛ ዘዴ አለ። ገጹ ፋይሉን ሲጠራ የፋይሉን አሻራ አብሮ ይጽፋል፤ የመጣው ፋይል በአንዲት ፊደል እንኳ ከተለየ ብራውዘሩ አያስኬደውም። የፖሊፊል ፋይል ግን ለእያንዳንዱ ብራውዘር በየዓይነቱ እየተቆረጠ የሚላክ ስለነበር አንድ ቋሚ አሻራ አይኖረውም። ምቾቱ ራሱ መከላከያውን አስቀርቶት ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚተርፈው ምንድን ነው? አርባውን ገጽ እየገለበጥን እንኑር ማለት አይደለም። የራሳችንን ኮድ በአንድ ፋይል አድርገን በራሳችን ገጾች መካከል መጋራት በ1996 ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። የሌላ ሰው ፋይል ካስፈለገን አውርደን በራሳችን ሰርቨር ማስቀመጥ ይሻላል፤ ጓዳው ከተከፋፈለ ወዲህ ከውጭ መጥራቱ ከእንግዲህ ያን የድሮውን ፍጥነት አይሰጥም። የግድ ከውጭ መጠራት ካለበት አሻራውን እንጻፍበት።

ድረ ገጽ ያላችሁ ወዳጆቻችን ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ሥራ ሥሩልን። የገጻችሁን ምንጭ ክፈቱና ከሌላ ሰው አድራሻ የሚመጡትን ፋይሎች ቁጠሩ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ዛሬ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጻፉ። የመጀመሪያውን ባለቤት ሳይሆን የዛሬውን። መልስ ያጣችሁለትን አውጡት። አለቃችሁ "ምን እየሠራችሁ ነው?" ካሉ ቅርንጫፎቻችን የሚለውን እየጨመርን ነው በሏቸው። እሱ እንደሆነ አሁን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።